ለቅሶ ቤት የተቋረጠው መስመር

መብራት የሄደው ክሪሳንቶ ሊቀበር ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነበር። መብራት መሄዱስ በዚያ መንደር ብርቅ አይደለም፤ ነፋስ የኮኮናት ዝንጣፊ ሽቦው ላይ በጣለ ቁጥር ይሄዳል። የዚያን ቀን ግን ቤቱ በለቀስተኛ ጢም ብሎ ነበርና ማራገቢያዎቹ ሲቆሙ ሙቀቱ ሰው ሊቀቅል ደረሰ። አንዲት የጎረቤት ሴት ራሷን ስታ ወደቀች።

"ሳጥኑን ወደ መስኮቱ አስጠጉት! ለቋሚውም ለሟቹም አየር ይግባ!" አለ የሟች ታናሽ ወንድም ቴሪዮ። ማዘዝ ይወዳል። ወንዶቹ የሬሳ ሳጥኑን ከነመቆሚያው ብድግ አድርገው መስኮቱ ሥር አኖሩት።

የሟች ሚስት ሉዲቪና ይህን ሁሉ ከወንበሯ ሆና ታያለች እንጂ ልቧ ሌላ ቦታ ነው። አንዲት ልጃቸው ማሪቬል ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት ትሠራለች። ለቀብር ልምጣ ብትል አሠሪዋ ፈቃድ ነሳቻት። ለምና ለምና ያገኘችው ነገር ቢኖር ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት በስልክ በቪዲዮ አባቷን የምትሰናበትበት ትንሽ ጊዜ ነው፤ እሱም አሠሪዋ ከገበያ እስክትመለስ ድረስ ብቻ። ከዚያ በኋላ አፈር ነው። ያን ፊት ሁለተኛ አታየውም።

መብራቱ ሲመለስ ሰፈሩ እንደ ልማዱ በፉጨትና በጭብጨባ ተቀበለው። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ ከሳጥኑ ራስጌ ያሉት አምፖሎች በሩ፤ በረንዳው ላይ ካርታ የሚጫወቱትም ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ሉዲቪና ግን ቀና ብላ ያየችው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኢንተርኔት ራውተር ነበር። ሌላ ጊዜ አረንጓዴ የምትበራው መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ቴሪዮ፣ ይቺ ነገር ቀልታለች።"

"አታስቢ ማናንግ፣ ለኔ ተይው" አለ የወንድሙን ሚስት እንደ ታላቅ እህት ጠርቶ።

ቴሪዮ በወጣትነቱ አንድ ክረምት ከተማ ውስጥ አንቴና ለሚሰቅል ሰው መሰላል ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ የእርሱ ግዛት ነው፤ ማን ይከራከረዋል? ራውተሩን ነቀለው፣ ትንሽ ቆይቶ ሰካው። ቀይ። ሁለቱን ቀንዶቹን ወደ ሆንግ ኮንግ ነው ወዳለው አቅጣጫ አዞራቸው። ቀይ። አቧራውን እፍ አለበት፣ በመጨረሻም በጥፊ አለው።

"ጸበል ርጨው እንጂ ቴሪዮ!" አለ ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ።

"አንተ አርፈህ ተበላ! ባዶ ኪስህን ይዘህ ነው የምትገባው ዛሬም።"

በሞባይል ኔትወርክ እንዳይደውሉ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ማማ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሞታል፤ ሲነሣ ግን አብሮ አይነሣም። ሉዲቪና ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች። ያቺ ልጅ አሁን የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ስትደውል፣ ስትደውል ትታያታለች።

የቀብር አስፈጻሚው ሰው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጠጋ አለ። "እትዬ፣ ክዳኑን ብንዘጋው? ፓድሬው ቤተ ክርስቲያን እየጠበቁ ነው።"

"ማንም እንዳይነካው።"

"ሌላም ቀብር አለባቸው እኮ…"

"ይቅበሩዋ! የኔ ባል ከእንግዲህ የሚቸኩልበት የለው። ልጄ ሳታየው የሚዘጋ ክዳን የለም።"

ሰውየው ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ። ቴሪዮ ላቡን እየጠረገ ዞረና፣ "ማናንግ፣ ችግሩ እዚህ አይደለም። ውጭ ምሰሶው ላይ ነው፤ ኩባንያው ካልመጣ በቀር ምንም ማድረግ አይቻልም" አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ቴሪዮም ቤቱ ውስጥ የሆነው ነገር ሁሉ ትክክል መሆኑን ይዞ አልለቀቀም።

"ገመዱስ?" አለች ሉዲቪና። "ከግድግዳው ወርዶ በየት ነው የሚሄደው?"

"ወለል ለወለል ሄዶ በመስኮቱ ይወጣል።"

ሁለቱም ወለሉን አዩ። ወለሉ አይታይም። ሬሳ ባለበት ቤት መጥረጊያ አይነሣም፤ የጠረገ ሌላ ሰው ጠርጎ ያወጣል ይባላል። ስለዚህ ለቅሶው ከተጀመረ ጀምሮ ለቀስተኛው የፈለፈለው የኦቾሎኒ ልጣጭ፣ የተፋው የሐብሐብ ፍሬ፣ የጣለው የከረሜላ ወረቀት ሁሉ እንዳለ ተከምሯል። ቀጭኗ ገመድ ከዚያ ሥር የት እንዳለች እግዜር ይወቅ።

ቴሪዮ ከጓዳ መጥረጊያ ይዞ ብቅ አለ።

"ጣለው!" ብላ ጮኸች የሟች አሮጊት አክስት ሎላ ኡርሱላ። "ደግሞ ማንን ልታስቀብረን ነው? አንተ ዐይንህን አፈር ይብላው!"

ቴሪዮ መጥረጊያውን እንደ እባብ ወረወረው። "ታዲያ በምን ልፈልገው? በጸሎት?"

ሉዲቪና መልስ አልጠበቀችም። በጥቁር ቀሚሷ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። "ሎላ፣ በእጅ መልቀም መጥረግ ነው?"

አሮጊቷ አሰበች። በዚያ መንደር እንዲህ ላለው ነገር ዳኛዋ እሷ ናት፤ ይግባኝ የለውም። "መልቀምስ… መልቀም ነው" አለችና ጉልበቷን እየያዘች እሷም ከጎኗ ተንበረከከች። ይህን ጊዜ ሌሎቹም ሴቶች ወረዱ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እነሱም ልጣጩን በእፍኝ እያነሡ ቀሚሳቸው ውስጥ አጠራቀሙት።

ገመዷ ከግድግዳው ሥር ተገኘች። ሉዲቪና በጣቷ እየዳበሰች ተከተለቻት፤ በወንበሮቹ ሥር፣ በአበባ ጉንጉኖቹ ሥር፣ እስከ መስኮቱ። እዚያ ስትደርስ እጇ ቆመ። የሬሳ ሳጥኑ መቆሚያ አንድ እግር ገመዷ ላይ ቁጢጥ ብሏል፤ ሳጥኑም ክሪሳንቶም በላዩ።

ቴሪዮ ፊቱ የኦቾሎኒ ልጣጭ መሰለ። "እኔ ነኝ እዚህ አምጡት ያልኩት" አለ፣ በሕይወቱ ተሰምቶ በማይታወቅ ቀጭን ድምፅ።

ሉዲቪና ተንበርክካ እንዳለች ሳቀች። ባሏ ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው፤ ከእንባ ጋር ተደባልቆ ወጣ። ሳጥኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። "ክሪሳንቶ፣ እግርህን አንሣ እስቲ። ልጅህ ናት።"

ወንዶቹ ያንን አንድ እግር ብቻ በጥንቃቄ ከፍ አደረጉት። ገመዷን ሳበች። ተጨምድዳለች እንጂ አልተበጠሰችም። በሁለት ጣቶቿ ቀስ አድርጋ ዳበሰቻት፣ አቃናቻት። ቤቱ ሁሉ ራውተሩን አንጋጦ ያያል። ቀይ… ቀይ… ከዚያ ጠፋች፤ ከዚያ አረንጓዴ።

ስልኩ እጇ ላይ ወዲያው ጮኸ። ማሪቬል ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ዐይኗ አብጦ ታየች። "ናናይ! ዘጋችሁት? ዘጋችሁት ወይ?"

"አልዘጋነውም የኔ ልጅ። ነይ፣ አባትሽ እየጠበቀሽ ነው።"

ስልኩን ከክዳኑ ሥር ሬሳውን በሚሸፍነው መስታወት ላይ፣ ከክሪሳንቶ ፊት ትይዩ ደፍታ ያዘችላት።

"ታታይ…" አለች ልጅቷ አባቷን። "ፀጉርህን ማነው እንዲህ ያበጠረህ? ወደ ግራ እኮ ነው የምታስተኛው።" ወደ ስልኳ ተጠጋች፣ ተጠጋች፣ ግንባሯና ዐይኖቿ ብቻ እስኪቀሩ፤ እንባዋ ይወርድ ጀመር።

የሬሳ ሳጥን መስታወት ላይ እንባ አይወድቅም፤ ከወደቀ የሟች መንገድ ይከብዳል ይላሉ። ሎላ ኡርሱላ ለቀስተኛውን ሁሉ ስትከለክል ነው የሰነበተችው፤ ከአፏ አመለጣት።

"አንቺ ልጅ፣ እንባሽን! መስታወቱ ላይ እንዳይወርድ!"

"እሺ ሎላ" አለች ማሪቬል ከሆንግ ኮንግ። ደንግጣ ወደ ኋላ አለችና ዐይኗን በሽርጧ ጫፍ ያዘች።

የሳቀ ሰው የለም። ሉዲቪና ስልኩን ይበልጥ ወደ መስታወቱ አስጠጋችው። "ተያት ሎላ፣ ታልቅስበት" አለች። "የሷ እንባ እዚህ አይደርስም።"

አሮጊቷ መሐረቧን ከጉያዋ አወጣችና በሉዲቪና እጅ ላይ ያለውን የስልኩን ፊት፣ የልጅቷ ጉንጭ በሚታይበት ቦታ ላይ፣ ቀስ አድርጋ አበሰችላት።