ምስር የምታህል ቅባት

ልጆቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ላፕቶፕ ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ዕድሜዋን ሁሉ ሶዶ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ የኖረች አስካለች ስለ ላፕቶፕ ምን ታውቃለች ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ግን በእነዚህ እጆቼ አንዱን ከፍቻለሁ፣ አበላሽቻለሁ፣ መልሼም አድኛለሁ። እስቲ ታገሡኝ።

ፋና የወንድሜ ልጅ ናት። አባቷ ካረፈ ወዲህ እኔ ጋ ነው ያደገችው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገች። አረካ ተፈተነች፣ ቢጠና ድረስ ሄዳ ተፈተነች፤ ባዶ እጇን ተመለሰች። በመጨረሻ አንድ ድርጅት እዚሁ ሶዶ ተቀምጣ በኢንተርኔት የምትሠራው ሥራ አወጣ። ፈተናው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። የምትፈተነው ባስመዘገበችው በራሷ ላፕቶፕ ነው፤ የሰው መዋስ አይቻልም። ካሜራው እያያት ነው የምትሠራው፤ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ከታየ ትወድቃለች። ላፕቶፑ መሃል ላይ ከጠፋም ፈተናው ይዘጋል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ላፕቶፑ ደግሞ ታሟል። ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ሆዱ እንደ ከሰል ምድጃ ይግላል። ማራገቢያው ዳገት እንደያዘ ባጃጅ ያጓራል። ከዚያ ድርግም ይላል።

ማክሰኞ ዕለት አዲስ አበባ ላፕቶፑን ለሸጠላት ሱቅ ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ዋስትናው አምስት ወር ይቀረዋል፤ ላኪልን፣ በሦስት ሳምንት ሠርተን እንመልሳለን» አላት ሰውዬው።

«ሐሙስ ፈተና አለብኝ እኮ።»

«እሱን እንጃ። ብቻ እንዳትከፍቺው። ከሥሩ ብሎኑ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ እሷ ከተቀደደች ዋስትና የለሽም።»

ይዘነው ወደ መናኸሪያው ወረድን፤ እዚያ ዘሩባቤል የሚባል ስልክ ጠጋኝ አለ። አበራው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፣ ሆዱን በመዳፉ ዳበሰው።

«እማማ፣ ውስጡ ያለው ቅባት ደርቆ ነው» አለኝ። «የሚያስበው ክፍል ላይ መዳብ ይጫንበታል፤ በመሃላቸው ቅባት አለ። ሙቀቱን ከዚህ ወደዚያ የሚያሻግረው እሱ ነው። ሲደርቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።»

«ታዲያ ቀይርልን።»

«ዋስትና ያለውን እኔ አልነካም። ነገ አንድ ነገር ቢሆን ዘሩባቤል ነው ያበላሸው ልትሉኝ አይደል? ቅባቱን ግን ልሽጥላችሁ እችላለሁ።»

እንደ ሐኪም ቤት መርፌ ያለች፣ ግን ሹል የሌላት ቀጭን ነገር አወጣ። ውስጧ ግራጫ ቅባት አለ።

«ስጠን» አልኩት። «እኛው እንቀባዋለን።»

ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ቀና አሉ። ዘሩባቤል ሳቀ። «የቅቤ ነጋዴ ላፕቶፕ ልትቀባ ነው! እማማ፣ ሲጨርሱ የዳጣ በርበሬ ጣል ያድርጉበት፤ አብረን እንበላዋለን።»

ሰዉ ሳቀ። ፋና አንገቷን ደፋች። እኔ አልደፋሁም፤ ገበያ ያደገ ሰው በሳቅ አይደነግጥም።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዋን መስኮቱ ሥር አስጠጋን። ፋና ላፕቶፑን ገልብጣ ያቺን ወረቀት ብዙ አየቻት።

«አክስቴ፣ ይቺ ከተቀደደች በኋላ የሚጠግንልን የለም።»

«ልጄ፣ ዋስትናው የሚደርስልሽ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ፈተናሽ ነገ ነው። ላፕቶፑ ያንቺ ነውና አንቺ ወስኚ። እኔ ግን ካንቺ ጋር ነኝ።»

ከዚያ በጥፍሯ ቀደደቻት።

ስልኳ ላይ አንድ ሰውዬ በእንግሊዝኛ እያወራ አከፋፈቱን ያሳያል። እሷ ትሰማዋለች፤ እኔ እጁን አያለሁ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ እኔ ደግሞ የየትኛው ቦታ እንደሆኑ እንዳይጠፋን ካርቶን ላይ በየተራቸው ደረደርኳቸው። ክዳኑን ካነሳች በኋላ የባትሪውን ገመድ ነቀለች። መዳቡን ስታነሳው ያ ቅባት ታየን። ልጆቼ፣ በበጋ የተሰነጠቀ ጭቃ አይታችኋል? እንደዚያ ነው።

«በብረት እንዳትነኩት ነው የሚለው» አለችኝ።

እኔ ዕድሜዬን እንሰት የፋቅሁ ሴት ነኝ፤ በብረትም ፍቄ አላውቅም። ከመፋቂያዬ ቀርከሃ ጣት የምታህል ስንጥቅ አወጣሁ፤ ጫፏን አለስልሼ በቀስታ ፋቅሁት። የቀረውን ፋና በጥጥና በአልኮል ጠረገችው። ያ የሚያስበው ክፍል እንደ መስታወት አበራ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ፋና ስልኩን ይዛ ታሳየኝ ስለነበር ቅባቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ሰውዬው ስልኩ ላይ ምስር የምታህል ጠብ አድርጎ ተወው። እኔም በልቤ «ይሄ ምን ዓይነት ቆጣቢ ነው!» አልኩ። እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ በእኛ ቤት ለእንግዳ የእንሰት ምግባችንን ሙቹዋን ስታቀርብ ቅቤው ከዳር እስከ ዳር ካልዋኘ እንግዳውን ንቀኸዋል ማለት ነው። ይሄ ላፕቶፕ ደግሞ የልጄን እንጀራ የተሸከመ እንግዳ ነው። ጨመቅሁለት። ከዳር እስከ ዳር አለበስኩት። መዳቡን ሳስቀምጠው በጎን በጎኑ ሊፈስ ሲል ጊዜ ቅባቱ እንዳይባክን ብዬ ብሎኖቹን ሳላጠብቅ ተውኳቸው።

ገጥመን ከፈትነው። አሥራ አምስት ደቂቃ። አጓራ፣ ጋለ፣ ድርግም አለ። ጭራሽ ከበፊቱ ባሰበት።

ፋና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ያ ነው የባሰኝ።

«አክስቴ» አለች፣ «ሲበዛ አይቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያንቺን እጅ ‹በዛ› ብሎ ማን ይናገራል? እኔ ባንቺ ቅቤ ነው ያደግሁት።»

ልጆቼ፣ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። እኔ በደግነቴ፣ እሷ በአክብሮቷ፣ ሁለታችን ተባብረን ገደልነው። አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩት።

«ስሚኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ስሳሳት ትነግሪኛለሽ። መናገር መናቅ አይደለም። አሁን ሰውዬው የሚለውን አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

ተነስታ ከመጀመሪያው ሰማችው። «ቅባቱ ሲወፍር ሙቀቱን ራሱ ይዞ ያስቀራል ይላል። ሥራው ዓይን የማያያትን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። መዳቡ ራሱ መጠጋት አለበት። ብሎኖቹን ደግሞ በመስቀልኛ እያፈራረቃችሁ እስከ መጨረሻው አጥብቁ ይላል።»

እንደገና ፈታነው። ያን ሁሉ ቅባት በቀርከሃዬ ፋቅሁ። ፋና እስኪያበራ ጠረገችው። መርፌዋን ወደ ብርሃኑ ሳነሳት ጫፏ ላይ የቀረው ትንሽ ነው፤ የዘሩባቤል ሱቅ ደግሞ ተዘግቷል።

«ስንት ቀረ?» አለችኝ።

«ምስር የምታህል።»

ተያየንና ሳቅን። በዚያ ቀን የመጀመሪያው ሳቃችን ነበር።

እጄ ቅር እያለው ጠብ አደረግኋት። ለመጨመር ሳይሆን ለማቆም ጉልበት እንደሚያስፈልግ ያን ቀን አየሁ። «በቃ» አለች ፋና፣ ጮክ ብላ። አቆምኩ። ብሎኖቹን በመስቀልኛ አጠበቅናቸው፤ ገጠምነው። ለሙከራ ከፍተን ልናቆየው ስንል ግን መብራት ሄደ፤ ባትሪውን ደግሞ ለነገ ማትረፍ ነበረብን። ሳንሞክረው አደርን።

መብራቱ የመጣው ፈተናው ሊጀመር ሲል ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ፋና ነጠላዋን አስተካክላ ገባች፤ በሩን ዘጋሁት። በረንዳው ላይ ዱካ ስቤ ተቀመጥኩ። ዘሩባቤልም ለሥራ ሲወርድ አየኝና ቆመ።

«እማማ፣ ቅቤው ቀለጠ?»

«ዝም በል፤ ፈተና ላይ ናት።»

መሄዱን ትቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ አለፈ። እኔ ያን ማጓራቱን እጠብቃለሁ። ሠላሳ ደቂቃ ሆነ። ምንም ድምፅ የለም። አርባ ሆነ፤ ጸጥ ብሏል። ከዚህ በፊት እስኪጠፋ ድረስ ዝም ብሎ አያውቅማ!

«ጠፍቷል» አልኩት በሹክሹክታ። «ልጄ ጨለማ ላይ ፈጥጣ ተቀምጣለች።»

«ይክፈቱና ይዩ።»

«ካሜራው ካየኝ ትወድቃለች።»

እሱም ቀልዱ ጠፋበት። ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ፤ ራሱን ነቀነቀ። ሁለታችንም በሩ ሥር ቀረን፤ ሱቁን የከፈተለት ሰው የለም። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል የጸሎት ቃል እንኳ አልቆብኝ እጄን ብቻ ጨብጬ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ፋና ላፕቶፑን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ታቅፋ ወጣች።

«ጨረስኩ» አለች። «ሁሉንም። አንዴም አልጠፋም።»

«ድምፁስ? ምንም አልሰማን!»

«የሚያስጮኸው ነገር የለማ፣ አክስቴ። ንኪው።»

ነካሁት። ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም፤ ተኝቶ እንደተነሳ ልጅ ግንባር ነው። ዘሩባቤል በመዳፉ ዳበሰው፣ ገልብጦ ዳበሰው፣ ጆሮውን አስጠጋ።

«ማን ቀባው?» አለ፣ አውቆ።

«የቅቤ ነጋዴ» አልኩት። «ዳጣው ግን ይቀረዋል።»

በሳምንቱ ማለፏን ነገሯት። ለሱቁም ደውላ እንደከፈተችው አልደበቀችም፤ ዋስትናውም በዚያው አበቃ። ላፕቶፑ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል፤ እሷም ከእነ ደመወዟ መስኮቱ ሥር ናት።

ያን እሑድ ዘሩባቤልን ጠርተን ፋና ሙቹዋ ሠራችልን። ቅቤውን ስታፈስ አየኋት፤ ያን ቀን የተማረችውን አስባ ነው መሰል እጇን ሰብሰብ አደረገች።

«ፋና» አልኳት፣ «እዚህ ላይ እንኳ የስልኩን ሰውዬ አትስሚው፤ ከዳር እስከ ዳር ይዋኝ።»