ብቻሽን ነሽ?

"ከፍ ያድርጉት እማማ። ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ይበል" አለች ዊንታ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል።

እማማ ፋንቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው በመስኮቱ ብረት መሃል ወደ ውጭ አሾለኩት። በዚያች ክፍል ውስጥ ኔትወርክ የሚባለው ነገር የሚገኘው እዚያች መስኮት ላይ ብቻ ነው፤ ስልኩ ካልወጣ ላፕቶፑም ኢንተርኔት አያገኝም። ክፍሏ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ያለው የወይዘሮ ሲቲ ምግብ ቤት ጓሮ ናት፤ ግማሿን የሽንኩርት ጆንያ ሞልቶታል። ሲቲ ተፈናቃይ ሲመጣባት ጆንያዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍታ፣ "ግቡ፣ አብሽሩ፣ ቤቱ የአላህ ነው" ብላ ፍራሽ ያነጠፈች ሴት ናት። ለዛሬው ጉዳይ ደግሞ ጀነሬተሩን በጠራራ ፀሐይ አስነሥታላታለች።

"ያዘ?" አሉ እማማ ፋንቱ።

"ይዟል። ብቻ እንዳይነቃነቁ።"

"እኔ ልጄ፣ እስክትጨርሺ ንቅንቅ አልልም።"

ወልዲያን ጥለው የወጡት ቆቦ ላይ ተኩስ እንደገና ተጀመረ በተባለ ሰሞን ነው። ያለፈውን ዓመት ያየ ሰው ዘንድሮ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ከተማው በአይሱዙም በባጃጅም በእግሩም ወደ ደሴ መንገድ ነጎደ። የዊንታ አባት አቶ ኣታኽልቲ ግን አሻፈረኝ አሉ። ወልዲያ ላይ ቆርቆሮና ምስማር ሲሸጡ የሸበቱ ሰው ናቸው። ትውልዳቸው ከትግራይ ስለሆነ አንዱ ሲመጣ የእነዚያ፣ ሌላው ሲመጣ የእነዚህ መባል ሰልችቷቸዋል።

"እኔ ከሱቄ አልነቃነቅም" አሏት። "አንቺ ሂጂ። ሥራሽን ስትይዢ ያኔ አዲስ አበባ ትወስጂኛለሽ።" ይህን ብለው ለጎረቤታቸው ለእማማ ፋንቱ አደራ ሰጧት። እንግዲህ ያ ሥራ ነው ዛሬ የሚቆረጠው። ከተገኘ ቤት ተከራይታ አባቷን ከዚያ መሃል ታወጣቸዋለች፤ ካልተገኘ እሳቸው እዚያው ናቸው፣ እሷም እዚሁ ከሽንኩርቱ ጋር።

መንገድ ላይ አንድ ኬላ ነበር። የሚፈትሹት ልጆች መታወቂያዋን አገላብጠው አዩት። ዊንታ ኣታኽልቲ የሚል ስም ያን ሰሞን ለባለቤቱም አይመችም። "አንቺ ውረጂ" አሏት።

"ልጄ ናት" አሉ እማማ ፋንቱ ከጎኗ።

"በዚህ ስም?"

"ስሙን ያወጣው አባቷ ነው። የወለድኳት እኔ ነኝ። ካወረዳችኋት እኔንም አውርዱኝ።"

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም የሚያሳብቅ ነገር የለም። ተዝካር የማያስታጉሉ፣ ሐሰት የሚባል ነገር ከአፋቸው የማይወጣ ሴትዮ ናቸው እኮ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና አሳለፏቸው።

ሥራው የሆላንዶች ነው። ለክሊኒኮች የታካሚ ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ነው፤ ሠራተኛውን ከያገሩ ይቀጥራል፣ ሁሉም ካለበት ሆኖ ይሠራል። ድርጅቱን ያገኘው የእማማ ፋንቱ ልጅ ተስፋዬ ነው። እሱና ዊንታ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ አብረው ኮምፒዩተር ተምረዋል። "ሁለት ሰው ይፈልጋሉ፤ አብረን እንግባ" አላትና ሁለቱም ለሙከራ ተያዙ። ተስፋዬ ነሐሴ ሲገባ ኔትወርኩ ይሻላል ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። የዛሬው የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ስለ ኮድ አይደለም፣ ስለ ባህል ነው ተብላለች። ባህል ሲባል ዊንታ ስለ ምግብና ስለ ልብስ መስሏት፣ ትንሽ ተዘጋጅታም ነበር። አይ ዊንታ።

ስክሪኑ ላይ አኒካ ብቅ አለች። አኒካ የቡድኑ ኃላፊ ናት፤ ፀጉሯ ነጭ፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ሴት። ዊንታ በእንግሊዝኛ፣ "እንደምን ዋሉ፣ እመቤት" አለች።

"አኒካ ብቻ በይኝ። ስንቴ ልለምንሽ" አለች ሴትዮዋ እየሳቀች። "እነዚያ እጆች የማን ናቸው?"

"የእናቴ... የጎረቤቴ ናቸው። ኔትወርክ ይዘውልኝ ነው።"

እማማ ፋንቱ ስለሳቸው እንደተወራ ገብቷቸው ከአንገታቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። አኒካም እጇን አወዛወዘችላቸው። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

"ከሥራ ባልደረባሽ ጋር ያልተስማማሽበትን ጊዜ ንገሪኝ።"

"የለም። በደንብ ነው የምንግባባው።"

"ለአለቃሽ 'ተሳስተሃል' ያልሽበትስ?"

"እንደዚያ አልልም" አለች ዊንታ ፈራ ተባ እያለች። "ለብቻው ሳገኘው፣ እንዲህ ብናደርገውስ እለዋለሁ።"

ወልዲያ ላይ ይህን የመለሰች ልጅ ቆንጆ አድርገው አሳደጓት ትባላለች። አኒካ ግን ፊቷ ሳይፈታ የሆነ ነገር ጻፈች።

"አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ" አለች በመጨረሻ። "እኛ ጋ ከሰው ጀርባ ማውራት ነውር ነው። ስለ አንድ ሰው የተባለ ነገር ለራሱ ይነገረዋል። ስለ አንቺ ተስፋዬን ጠይቀነው ነበር።"

እማማ ፋንቱ ከእንግሊዝኛው ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል ለቀሟት። "ተስፋዬ አለች?" ብለው አንሾካሾኩ፣ ፊታቸው በራ።

አኒካ ቀጠለች። "ሐምሌ ላይ የታካሚዎቹ ቀጠሮ ተደበላልቆ እንደነበር ነገረን። አንቺ ለማንም ሳትናገሪ በድብቅ አስተካክለሽ ዝም አልሽ። ችግር ትደብቃለች፣ ለእናንተ ቡድን አትሆንም፣ ነው ያለው። ስናየው ስህተቱ የገባው በአንቺ ስም ነው።"

በእሷ ስም መሆኑስ እውነት ነው። ያን ዕለት በአባቷ ሱቅ ጓዳ አብረው ሲሠሩ የተስፋዬ ላፕቶፕ ባትሪ አለቀ፤ መብራትም አልነበረም። እሷ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ስታስተናግድ እሱ በእሷ ላፕቶፕ፣ በእሷ ስም ሲሠራ ቆይቶ ቀጠሮውን ሁሉ አተራመሰው። ስትመለስ ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ ብሏል። "ዊንታዬ ስሞትልሽ እንዳይሰሙ። ያባርሩኛል" አላት። እሷም ሆላንዶቹ ቢሮ ሳይገቡ ልትጨርስ ስታቃናው አደረች። አንድም ቀን አላነሣችበትም። የጓደኛን ገበና አደባባይ የሚያወጣ ሰው እሷ በምታውቀው ሠፈር የለም።

አሁን ተስፋዬ ያንኑ መሸፈኗን አንሥቶ ወንጀሏ አደረገው። ስለ አባቷ ትውልድ ነግሯቸው ቢሆን ኖሮ እንኳ ይሻላት ነበር፤ ያንን ዘንድሮ ከማንም ስትጠብቀው ነው የከረመችው። ይህን ግን ከተስፋዬ አልጠበቀችም።

"ስህተቱን የሠራሽው አንቺ ነሽ?" አለች አኒካ። "አንቺ ካልሆንሽ ማን እንደሆነ ንገሪኝ። እዚህ ማንም አይቀየምም።"

ዊንታ ቀና ብላ መስኮቱን አየች። የእማማ ፋንቱ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ስልኩን ግን አላወረዱትም፤ የልጃቸውን ስም ከሰሙ ወዲህ ፈገግታቸው አልከሰመም። እንግሊዝኛ እንደማይሰሙ ታውቃለች። ቢሆንም የልጃቸውን ስም እሳቸው በዘረጉት እጅ አሳልፋ መስጠት አቃታት።

"ሁለታችንም ነበርን" አለች።

"ሁለታችንም ስትይ ማን ምን አደረገ?"

"አብረን ነው የምንሠራው። የሁለታችን ስህተት ነው።"

አኒካ ተነፈሰች። "ችሎታሽን ማንም አይጠራጠርም። ቦታው ግን አንድ ብቻ ነው የቀረው። በጦርነቱ ምክንያት ከሁለት ወደ አንድ መቀነሱን ተስፋዬ ነግሮሻል አይደል? ኔትወርክ ስላጣሽ እሱን ነበር አደራ ያልነው።"

ይህን መስማቷ ገና አሁን ነው።

"ነግሮኛል" አለች። ለምን እንዳለች ራሷም አታውቅም። አፏ ለምዶት ነው።

"እንግዲያው ይገባሻል። በዚህ ዙር ተስፋዬን ነው የምንወስደው። በሰላም ቆዩልኝ።"

ስክሪኑ ጠፋ። እማማ ፋንቱ ስልኩን አውርደው ክንዳቸውን እያሹ መጥተው አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

"የልጄን ስም ጠራች አይደል?"

"ጠራች።"

"ምን አለች?"

"ጎበዝ ነው አለች። ቀጥረውታል።"

"እሰይ፣ ተመስገን። አንቺንስ?"

"ሌላ ጊዜ እናያለን ነው ያለችው።"

እማማ ፋንቱ ጉልበቷን ቸብ ቸብ አደረጓት። "አይዞሽ። እሱ ካለ ምን ትሆኛለሽ። ተስፋዬ ሰው ጥሎ አያውቅም" አሉ። ዊንታ ላፕቶፑን ከደነች። አባቷ ማታ ሲደውሉ ምን እንደምትላቸው ነበር የምታስበው።

ሲቲ ሻይ ልካላቸው ሲጠጡ፣ ዊንታ አባቷ ቢደውሉ ብላ መስኮቱ ላይ የመለሰችው ስልክ ጮኸ። ወደዚያው ተነሥታ ሄደች። ተስፋዬ ነው።

"ዊንታዬ፣ አይዞሽ" አላት ገና ሳታወራ። "ሌላ ዕድል ይመጣል።"

"አለመያዜን ማን ነገረህ?"

ተስፋዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "አኒካ ምን አለችሽ?"

"ያልካትን ሁሉ። እነሱ ጋ ከሰው ጀርባ ማውራት ነውር ነው።"

ለካ ተስፋዬ እንደኛ አገር መስሎት ኖሯል። እዚህ አገር እኮ በጆሮ የተንሾካሾከ ነገር በሰሚው ሆድ ይቀራል፤ የተወራበት ሰው ቢሰማ እንኳ ማን እንዳለው አይነገረውም። ነጮቹ ስሙን ጠርተው ቃል በቃል ይነግሩብኛል ብሎ አላሰበም።

"ስሚኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቦታው አንድ ሲሆን ምን ላድርግ? እናቴ አለችብኝ። ከዚያ እሳት ላወጣት ነው። ለእናቴ ብዬ ነው።"

ዊንታ ወደ ፍራሹ ዞር ብላ አየች። እማማ ፋንቱ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ እሱ ነው? በሚል ዓይን እየጠበቋት ነው።

"አሁን ደግሞ" አለ ተስፋዬ፣ "ያ የቀጠሮው ነገር ተመልሶ መጣብኝ። ሳይነቁ ማስተካከል አለብኝ። ያን ጊዜ እንዴት እንዳደረግሽው ንገሪኝ። ይሄ በእኔና በአንቺ መሃል ይሁን፤ ማንም እንዳይሰማ። ብቻሽን ነሽ?"

"አዎ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የመለሰችው መልስ ነው፤ ዛሬ ብቻ ሦስቴ ሸፍናዋለች። ኬላው ላይ ሴትዮዋ ለሷ ብለው የተናገሯት ሐሰት ትዝ አለቻት። ያቺ ሐሰት ሰው ያዳነች ሐሰት ናት። ይሄኛው ግን ማንን ያድናል?

ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ላውድ አደረገችው። ኔትወርኩ እንዳይቆረጥ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችውና፣ "እማማ፣ ይምጡ" ብላ ጠራቻቸው።

"ዊንታ? ብቻሽን አይደለሽም እንዴ?" አለ ስልኩ፣ ክፍሉን በሞላ ድምፅ።

"አይደለሁም። እናቴ አሉ።"

"እናትሽ? የምን እናት?"

"ኬላ ላይ ወልጃታለሁ ያሉኝ። አኒካ ዘንድ ስለ እኔ ካልከው ጀምርላቸው ተስፋዬ፤ ከዚያ በኋላ የቀጠሮውን ትጠይቀኛለህ።"

እማማ ፋንቱ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።