የአልጋው ዝርዝር

አንድ የብረት አልጋ ስንት ዓይነት ዕቃ ይፈጃል? ሦስተኛው የመጋዘን ሶፍትዌር ሻጭም ይህንኑ ሲጠይቃት፣ ከውጭ ተምራ የተመለሰችው የአልጋ ፋብሪካው ባለቤት ልጅ «አላውቅም» አለችው።

«ዝርዝሩ ከሌለ የትኛውንም ብትመርጪ ባዶ ነው» አላት ላፕቶፑን እየዘጋ።

ዝርዝሩ ያለው በአጎቷ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት መጋዘኑን የያዙት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት «ሶፍትዌሩ ሲገባ እርስዎ ያርፋሉ» ብትላቸው ሆድ ባሳቸው።

«ደክሞኛል ያልኩሽ መቼ ነው? ማባረር ከፈለግሽ ዙሪያ ጥምጥም ምን ያስኬድሻል?» አሉና ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ ጥለው ወጡ።

አሁን መጋዘኑ ውስጥ ምንም ያልተጻፈባቸው ካርቶኖች መሀል ቆማለች። ያ ሁሉ ትምህርት ብሎን ከብሎን አላስለያትም። በንዴት አንዱን ካርቶን በእግሯ መታችው፤ ብሎኑ ወለሉን ሞላው። ተንበርክካ እየለቀመች ስልኳን አወጣችና ለአጎቷ ጻፈችላቸው።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። ሶፍትዌሩን አብረን እንምረጥ፤ ይምጡልኝ።»

መልእክቱን አንብበውታል። መልስ እስኪልኩ ብሎኑን በየዓይነቱ መደርደር ጀመረች።