የልብ በር ስፌት

«ስፌቱ ነው የለቀቀው» አለ የልጄ የሥራ ባልደረባ ቢኒያም ሐዘን ድንኳኑ በር ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔስ ድሮም ፈርቼ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ እናት እንዲህ ያለ ነገር…»

ጆሮዬ እንደሆነ አላረጀም። ልጄን ሳያትን ከቀበርኩ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት የሥራ ባልደረቦቿ ተራ በተራ እየተነሱ ሲናገሩ ኮምፒውተሩን አመሰገኑ፣ ማሽኑን አመሰገኑ። የኔን ጣት ያነሳ የለም። ጥፋት ሲመጣ ግን አስታወሱኝ።

«ና እዚህ! የምታማኝ ከሆነ ቀረብ ብለህ እማኝ፣ እኔም ልስማው።»

ደነገጠ። «ይቅርታ እማማ ወርቅነሽ። መሞከሪያ ማሽኑ ላይ ያለው ቫልቭ፣ የሰፉት የልብ በር፣ ትናንት ተላቀቀ። ሰኞ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ይሰበሰባል። ንድፉ አይሆንም ካሉ ሥራዋ በሙሉ ይዘጋል።»

ሳያት በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ በሽታው ልቧ ላይ ወረደ። በዘጠኝ ዓመቷ ደረቷን ከፍተው ጠገኑላት። ያን ጠባሳ በሻርፕ እየሸፈነች አደገች። ኢንጂነር ስትሆን «እማዬ፣ ደረት ሳይከፈት፣ ተጣጥፎ በቀጭን ቱቦ፣ በጭን ደም ሥር የሚገባ የልብ በር እሠራለሁ» አለችኝ። የሽቦውን ቀለበት እሷ ሠራች፤ ከበሬ ልብ ላይ የተገፈፈውን ስስ ቆዳ ቀለበቱ ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሐዋሳ አዲስ ከተማ አርባ ዓመት ጥልፍ ስጠልፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንዱን ለመጨረስ ስምንት ቀን ይፈጅብኛል። ከዚያ ማሽኑ ውሃ እየገፋበት ቀን ከሌት ሲከፈት ሲዘጋ ይከርማል፤ ስንት ዓመት እንደሚችል የሚያዩት እንዲያ ነው። ለሷ ልብ አልደረሰላትም።

«አምጣልኝ፤ በዓይኔ ልየው» አልኩት።

በማግስቱ በትንሽ ጠርሙስ ይዞት መጣ። ጎረቤቴ ገበያነሽ ጮኸች፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ሐዘን ፍራሽ ላይ ሥራ ይያዛል? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ብሎ ሲጨርስ ንገሪኝ» አልኳትና መነጽሬን አደረግሁ።

ከሚከፈቱ ከሚዘጉት ሦስት የቆዳ ክንፎች ሁለቱ ደህና ናቸው። የሦስተኛው ቋጠሮ ላልቶ ጫፉ ተላቅቋል። ቋጠሮው በግራ እጅ የታሰረ ነው። እኔ በቀኜ ነው የማስረው። ይህን ቋጠሮ ያስተማርኳት ግራኝ አንዲት ብቻ ነበረች። ባለፈው ሚያዝያ ዓይኔን አሞኝ ስተኛ «እማዬ፣ ቀሪውን እኔ እጨርሰዋለሁ፣ አንቺ እረፊ» ብላኝ ነበር። ያኔ እጇ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ እንኳ አያነሳላትም።

ቢኒያም ዓይን ዓይኔን ያያል። «የማን ስፌት ነው እማማ?»

ያላጠፋሁትን ተቀብዬ አላውቅም። ባሌ በሕይወት ቢኖር ይመሰክር ነበር።

«የኔ ነው» አልኩት። «ለኮሚቴህ ንድፉ ምንም አልሆነም፣ ቋጠሮውን ያላላችው አሮጊቷ ናት በላቸው። ሁለቱን ክንፎች አሳያቸው።»

«ከእንግዲህ እርስዎ እንዲሰፉ ይፈቅዳሉ?»

«ሌላ የሚሰፋ አላቸው?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ነገ ጠዋት አዲስ ቆዳ ይዘህ ና። ፊቴ ተቀመጥና በማጉያህ ቋጠሮ በቋጠሮ እያየኸኝ እሰፋለሁ።»

ጠርሙሱን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ነጠላዬ ሥር ከተትኩት።

«ለኮሚቴህ የክንፎቹን ፎቶ ለማንሳት ነገ ትደርሳለህ። ይቺ እኔ ጋ ትቀራለች፤ እንዳትጠይቀኝ።»