ለእባብ ልጅ ጉርሻ

እትዬ ተሻለች ቤት ገብቶ ሳይበላ የወጣ ሰው የለም። የውኃ ቆጣሪ አንባቢው እንኳ ሳቢያን ሰፈርን ሲዞር አርፍዶ የእሳቸውን ቤት ለምሳ ሰዓት ነው የሚያቆየው። ጠግቤአለሁ ማለት እሳቸው ዘንድ አይሠራም፤ «በሞቴ!» ይሉና የጠቀለሉትን አፍ ላይ ይደቅኑታል። እንግዳው ተቀብሎ ሊተነፍስ ሲል «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ያስከትላሉ።

ይህ ደግነታቸው አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቷቸዋል። ልጃቸው ናሁሰናይ፣ ኑኃሚን የምትባል እጮኛ ነበረችው። በመጣች ቁጥር «ምነው ከሳሽ? ብዪ እንጂ! እንዲህ ሆነሽማ እንዴት ትወልጃለሽ?» እያሉ ሲያጎርሷት፣ ልጅቷ መጀመሪያ ከማዕዱ ቀረች፤ ቀጥላ ከልጃቸው። ናሁሰናይ አልተቆጣም። ብቻ ከዚያ ወዲያ የራሱን ጉዳይ ለእናቱ መንገር ተወ። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ነገራቸው ሁሉ እንደ ተከራይና አከራይ «ደህና አደርሽ»፣ «ደህና እደር» ሆነ። እትዬ ተሻለችን ይህ ያንገበግባቸው ነበር። ልጃቸው እንደገና እንዲያምናቸው የማይሆኑት ነገር አልነበረም።

እናም አንድ ቀን አደራ ሰጣቸው። አደራው ግን የእባብ ልጆች ነበሩ።

ናሁሰናይ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። መልካ ጀብዱ ሰፈር አንድ የድንጋይ አጥር ሲፈርስ ሠራተኞቹ ሥሩ ያገኟትን እናት እባብ ቀጥቅጠው ገደሏት፤ እሱ እንቁላሎቹን ለቅሞ አምጥቶ ክፍሉ ውስጥ በሳጥን አስፈለፈላቸው። ከእርሳስ የቀጠኑ፣ መርዝ የሌላቸው አራት ቡናማ የእባብ ልጆች ወጡ። ጎረቤታቸው ዛምዛም ስታያቸው «አቦ! ወላሂ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልገባም!» ብላ ጫማዋን ትታ ሮጠች። ችግሩ፣ ልጆቹ አይበሉም። ትንሽ እንሽላሊት ቢከተትላቸው ዞር ብለውም አላዩት።

ለፈተና እርማት አዲስ አበባ ተጠርቶ ሊሄድ ሲል ናሁሰናይ እናቱን አጠገቡ አስቀመጣቸው።

«እማ፣ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪለውጡ አይበሉም። ሆዳቸው ውስጥ ከእንቁላሉ የተረፈ ስንቅ አላቸው። አንቺ ውኃቸውን ብቻ ቀይሪ። አትንኪያቸው። ላምንሽ?»

«ምን በወጣኝና እባብ እነካለሁ!» አሉ እየሳቁ። «ላምንሽ» የምትለዋ ቃል ግን ሆዳቸውን አባባችው።

መጀመሪያ ላይ ውኃውን የሚቀይሩት ፊታቸውን አዙረው ነበር። እየዋለ ሲያድር ፍርሃቱ ለቀቃቸውና ሐዘን ገባቸው። እሳቸው ቤት ውስጥ ፍጥረት ጦሙን ይደር? የራሳቸው እህል እንኳ በጉሮሯቸው አልወርድ አለ። አንድ ጠዋት ሳጥኑን ሲከፍቱ ደግሞ የሁሉም ዓይን ነጭ ሞራ ለብሷል።

«ወይኔ! ረሃቡ ዓይናቸውን አጠፋው!»

ልጃቸው ጋ ደወሉ። እርማት ላይ ነው፤ ስልኩ ዝግ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ያደረጉት ከአንጀታቸው አዝነው ነው፤ ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። ሥጋ አድቅቀው ከተፉ፤ ወተት ነካ አደረጉበት። እሾህ የሚያወጡበትን ወረንጦ አጠቡ። ዕድሜ ልካቸውን የእባብ ስም ሲነሳ የሚያማትቡት ሴትዮ አንዱን በነጠላቸው ጫፍ ያዙት፤ አፉን በክብሪት እንጨት ከፈት አድርገው «በሞቴ!» አሉት። እባብ ደግሞ በሞቴ አይገባውም። ሥጋውን በወረንጦው ገፋ አደረጉለት፤ ገባ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አጎረሱት። ሦስተኛው ተወራጭቶ አመለጣቸውና ከአራተኛው ጋር ሳጥኑ ውስጥ ካለው የሸክላ ስባሪ ሥር ተሸጎጠ። «ይሁን፣ እናንተ ደግሞ ነገ» ብለው ተዉአቸው።

ከሰዓት ናሁሰናይ መልሶ ደወለ።

«በሉልኝ!» አሉት ገና ሃሎ ሳይል። «ሁለቱን በእጄ አጎረስኳቸው!»

«እማ፣ ዓይናቸው ነጭ ሆኖ ነበር?» አላቸው።

«አዎን፣ ታውረው ነበር እኮ!»

«አልታወሩም። ቆዳቸውን ሊለውጡ ሲሉ እንደዚያ ይሆናሉ። ነገ ከነገ ወዲያ ራሳቸው ይበሉ ነበር።»

አልጮኸም። ቢጮህባቸው ይሻላቸው ነበር።

የጎረሱት ሁለቱ በማግስቱ ሞተው ተገኙ። የተሸጎጡት ግን ቆዳቸውን እንደ ካልሲ አውልቀው፣ ዓይናቸው ጠርቶ ወጡ። እትዬ ተሻለች ከግድግዳው ላይ እንሽላሊት ይዘው ከተቱላቸው፤ ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍነው ራቅ አሉ። ሲመለሱ እንሽላሊቱ የለም። ደስ ሊላቸው ሲገባ ቁጭ ብለው አለቀሱ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የእሳቸው ግን የሚለቀምም አልነበረም። አንዲት ቀን ቢታገሡ ኖሮ!

ናሁሰናይ ሲመለስ በር ላይ ጠብቀው «ይቅር በለኝ» አሉት።

«ግዴለም እማ፣ አውቀሽ አይደለም» አለና የሞቱትን ጓሮ ቀበራቸው። ያን ዕለት የቀረበለትን ራት ማንም ሳይለምነው ጥርግ አድርጎ በላ። እሳቸውም ነገሩ ያለፈ መሰላቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሥልጠና ወደ ሐረር ሊሄድ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ጉንጫቸውን ስሞ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ስለ እባቦቹ አንድም ቃል አልተናገረም። ረስቶት ይሆናል ብለው በኩባያ ውኃ ይዘው ወደ ክፍሉ ሄዱ። በሩ ተቆልፏል። በዚያ ቤት የመኝታ ክፍል ተቆልፎ አያውቅም።

እንደ ቆሙ ዛምዛም በጓሮ በኩል መጣች። ቁልፍ ይዛለች፤ አንገቷን ደፍታለች።

«እትዬ፣ ወላሂ እኔ አልፈለግኩም። እኔ እፈራለሁ፣ ውኃውንም የማስቀምጠው ዓይኔን ጨፍኜ ነው አልኩት።»

«እሱስ ምን አለሽ?»

ዛምዛም ቁልፉን በጣቶቿ አገላበጠችው።

«‹ለዚሁ ነው የመረጥኩሽ› አለኝ። ‹አንቺ አትወጃቸውም› አለኝ።»

እትዬ ተሻለች የያዙትን ውኃ አቀበሏት።