ከመጋጠሚያው ወዲያ

የሞተር ጠምጣሚው ትክክለኛ ስሙ ከተረሳ ቆይቷል። መንደሩ ሁሉ «መዳቡ» ነው የሚለው። የተቃጠለ ሞተር ይፈታል፣ የነደደውን ሽቦ ነቅሎ አዲስ መዳብ ይጠመጥማል፣ ቫርኒሽ ያጠጣዋል፣ አስነሥቶ ይሸኘዋል። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ ሙያው ግን ቤት አቁሞለታል።

ሁለተኛ ሙያም ነበረው፤ ቂም መያዝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? መዳቡ እንኳን የወጋውን፣ መርፌ ይዞ በደጁ ያለፈውንም አይረሳ።

ታዲያ ሴት ልጁ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ለእረፍት መጣች። በመጀመሪያው ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚማረው፤ ከእረፍት ስትመለስ ግን አንዱን ዘርፍ መምረጥ አለባት። ውጤቷ የትኛውም ዘርፍ ያስገባታል። የማያስገባት አባቷ ነበር።

«ሲቪል ብገባስ አባዬ?» አለችው፣ ሱቁ ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ የተቃጠለ ሽቦ እየነቀለች።

«ሲቪል? ያ የሕንፃው መሐንዲስ ሲቪል አልነበር? የሲሚንቶ ማቡኪያውን ሞተር ሠርቼለት ስወጣ ዘበኛ ጠርቶ ቦርሳዬን ያስፈተሸኝ! ካቻቪቴ ወስደህ ይሆናል ብሎ። የራሴን ካቻቪቴ!»

«እሺ፣ መካኒካል።»

«መካኒካል ማለት የሳሙና ፋብሪካው ዋና መሐንዲስ ነው። ‹ይኼ ሰውዬ ማንበብ ይችላል?› ብሎ ስለ እኔ ሌላ ሰው የጠየቀው። እዚያው ፊቱ ቆሜ! አፍ አለኝ እኮ፤ እኔን ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ኬሚካልስ?»

«ለሰው ሁሉ ሻይ ሲያድል እኔን ዘሎኛል።»

«ማን? ኬሚካል ኢንጂነሪንግ?»

«አዎ!»

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። ሱቁ ከቤቱ የተቆረጠ አንድ ክፍል ስለሆነ እዚያ የሚወራው ሁሉ ለእናቷ ይሰማታል። እናትየው የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ከውስጥ ጮኸች፦ «ልጄ፣ አትድከሚ። አባትሽ ያልተቀየመው ጨረቃን ብቻ ነው። እሷንም ስለራቀችው ነው።»

«ኤሌክትሪካል ትገባለች፤ አለቀ!» አለ መዳቡ።

ምክንያቱ ብዙ አልነበረም። አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አንድ ጊዜ ሞተር ሊያሠራ መጥቶ፣ «ጌታው፣ እንዴት ዋሉ» ብሎ ቅባት የጠጣ እጁን ጨብጦታል። በቃ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ኤሌክትሪክ በመዳቡ ዓይን የጨዋ ልጆች ትምህርት ሆነ። ልጅቱን ገና ድክድክ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ የሽቦ ዙር ሲያስቆጥራት የኖረው ለዚሁ ነው። ያ ባለ ዲግሪ ሁሉ አንድ ቀን በሯ ላይ ተኮልኩሎ እስክትፈርምለት ሲጠብቅ ማየት ፈልጎ ነው። ይኼ ይበዛበታል የሚል ካለ፣ ሻይ ሲታደል አንድም ቀን ተዘሎ የማያውቅ ሰው ነው።

ልጅቱ እሺም እምቢም አላለች። አባቷ ካልመረቀው ወደ የትም እንደማትሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። አንድ ዘርፍ ግን ልትጠራው አፏን ከፍታ ዋጠችው። የውሃ ምህንድስና። ያ ስም በዚያ ቤት አይጠራም።

ነገሩ የቆየ ነው። መዳቡ ገና ወጣት ሳለ ለአንድ የውሃ ጣቢያ ትልቅ ሞተር ጠምጥሞ ሊገጥም ሄዶ ነበር። ሞተሩና ፓምፑ የሚያያዙበት መጋጠሚያ አለ። ወዲህ ሞተሩ፣ ወዲያ ፓምፑና ቱቦው። ሞተሩ ሲነሣ ቱቦው ሲንቀጠቀጥ አየና፣ «ኧረ ይኼ ነገር...» ብሎ ጠጋ አለ። የውሃው መሐንዲስ ድምፁን እንኳ ሳያነሣ፣ «አንተ ጠምጣሚ፣ ከመጋጠሚያው ወዲህ ቁም። ወዲያ ያለው ትምህርት ይፈልጋል» አለው። ሠራተኞቹ ሳቁ። ያልተማረ ሲሰድብህ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ነፋስ ይወስደዋል። የተማረ ሲሰድብህ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ያለ ነገር ደግሞ ሥር ይሰዳል።

ከዚያ ቀን ወዲህ መዳቡ ሞተሩን እስከ መጋጠሚያው ድረስ ይሠራል፤ ወዲያ ዞሮም አያይም።

የልጅቱ እረፍት ሊያልቅ ሲል የልብስ ማጠቢያ ቤት ያላቸው እትዬ ሞተር በጋሪ አስጭነው መጡ። ከጋሪው ቀድሞ የደረሰው ድምፃቸው ነው።

«መዳቡ! ይኼ ሞተር እንደገና ነደደ። አንተ የምትጠመጥመው ሽቦ ነው ወይስ ክብሪት?»

«እትዬ፣ የእኔ ሥራ እንኳ...»

«የአንተ ሥራ እንኳ ምን? የሆቴሉ አንሶላ ተራራ ሆኖ ተቀምጧል። አሁንም ከተቃጠለ ሌላ ጠምጣሚ እፈልጋለሁ። ለምን ፈለግሽ ላለኝ ሁሉ ደግሞ አፌን አልይዝም።»

መዳቡ ፊቱ ተለዋወጠ። ሽቦውን እየጠመጠመ፣ ልጁ ዙሩን እየቆጠረችለት፣ ለንጉሥ የሚሠራ ይመስል ተጠንቅቆ ጨረሰው። ሊገጥም ሲሄድም አስከተላት። «ነይ፣ የወደፊት ሥራሽን እዪ» አላት።

የፓምፑ ክፍል ከማጠቢያው ጀርባ ያለች፣ ሁለት ሰው ሲገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቀርባት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላብ ያልበዋል፤ የሳሙና ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ሞተሩን አሠረው፣ ገመዱን አገናኘ፣ አበራው። ከዚያ እንደ ልማዱ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ተከለ። ጠምጣሚ ሞተርን የሚያዳምጠው እንዲህ ነው፤ የኩሽኔታው ሕመም በብረቱ ተጉዞ ጆሮ ይገባል።

«እስቲ አንቺ ስሚው። ምን ይልሻል?»

ልጅቱ ጆሮዋን ሰጠች። «ደህና ነው። እንደ ጠገበ ድመት ነው የሚያጉረመርመው።»

«አየሽ? የአባትሽ እጅ ነው።»

እሷ ግን ካቻቪቴውን አልመለሰችለትም። በርከክ ብላ መጋጠሚያውን አልፋ ጫፉን ቱቦው ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። መዳቡ ይኼን ፊቷን አያውቀውም። ዙር ስትቆጥርለት የሚያየው ፊቷ የታዘዘች ልጅ ፊት ነበር፤ ይኼኛው ግን የራሷ ነው።

«አባዬ፣ ይኼ ውሃ ጠጠር ያኝካል።»

«ምን?»

«ውሃ በደንብ እየደረሰው አይደለም። የሚስብበት ቱቦ የሆነ ቦታ ታፍኗል። ፓምፑ ውሃ ሲያጣ ይግላል፣ ሲግል ይይዛል፣ ሲይዝ ያንተ ሞተር ይለፋል፣ ከዚያ ይነዳል። የሚያቃጥልብህ ይኼ ነው። ቱቦውን ከታንከሩ እናውጣው?»

«ተይው!» አለ መዳቡ፤ ከጉሮሮው ሳይሆን ከሌላ ቦታ የወጣ ድምፅ ነበር። «ከመጋጠሚያው ወዲህ ቁሚ። ወዲያ ያለው አያገባንም።»

«ማን ነው አያገባንም ያለው?» አለች ልጅቱ።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው አንዴ አባትን አንዴ ልጅን ያያሉ።

«ያ የውሃ ጣቢያው ሰውዬ ነው አይደል?» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ታሪኩን እማዬ ነግራኛለች። አባዬ፣ ሰውዬውን ስትረግመው ትውላለህ፣ ሕጉን ግን እንዳንተ ያከበረለት የለም።»

እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው ተናግሮት ቢሆን መዳቡ ለሃያ ዓመት የሚበቃ ቂም ይቋጥርበት ነበር። ልጁ ላይ ግን መቋጠሪያ አጣ። ቢያስበው እውነት ነው። ሰውዬው አንዴ ተናግሮ ሄደ፤ መሥመሩን በየፓምፕ ክፍሉ ይዞ የዞረው፣ በየሄደበት ያሰመረው፣ አሁን ደግሞ ለልጁ ያወረሰው እሱ ራሱ ነው።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አንሶላዬ!» አሉ እትዬ።

መዳቡ ሞተሩን አጠፋና መጋጠሚያውን ተራመደው። አንዲት እግር ማንሣት ነበረች። አባትና ልጅ ቱቦውን ከታንከሩ ጎትተው ሲያወጡት ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት በዝቃጭ ተለስኖ የእንቁራሪት ጀርባ መስሏል። አጥበው መለሱት። ፓምፑ ሲነሣ ውሃው ቱቦውን ሞልቶ ሲያልፍ፣ ያለ ካቻቪቴም ተሰማ።

ሲመለሱ በመንገድ ላይ ልጅቱ ያለ ፋታ ታወራ ጀመር። ስለ ውሃ፣ ስለ ግፊት፣ ስለ አየር። መዳቡ ጎኑን የተወጋ ያህል ተሰማው። ከዚያ ሁሉ ዘርፍ መርጣ የዚያን ሰውዬ! እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኼ ነው። «ኤሌክትሪካል ተባብለናል» አላት ሳያያት። ወሬዋ እዚያው ተቆረጠ።

ሻንጣዋን የምትሸክፍበት ቀን ሲደርስ ሱቁ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ሳይጠይቃት ሽቦውን ተቀብላ ዙር ትቆጥርለት ጀመር።

«ኤሌክትሪካል እገባለሁ አባዬ። አታስብ።»

መዳቡ እጁ ቆመ። ሞተር ከኤሌክትሪክ መሥመሮቹ አንዱ ሲቋረጥበት ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ላየው የሚሠራ ይመስላል፤ ዝም ብለው ከተዉት ግን እዚያው እንደቆመ ይነዳል። ስንቱን እንዲህ ያለ ሬሳ ከፍቷል! ድምፁን ከሩቅ ያውቀዋል። አሁን ያንን ድምፅ ከልጁ አፍ ሰማ።

ሽቦውን አስቀመጠ።

«ውሃ ግቢ።»

«አባዬ...»

«ውሃ ግቢ አልኩሽ፤ ሐሳቤን ሳልቀይር። ግን ስሚ። መሐንዲስ ከሆንሽ በኋላ አንዱን ባለ ሙያ ወዲህ ቁም ብለሽ እንደሆነ፣ እዚያው ሠራተኞችሽ ፊት መጥቼ ነው የማዋርድሽ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ።»

«ዝቅ ማድረግማ አትችልም» አለች፤ እንባዋና ሳቋ ተደባለቀ። ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ለአፍታ ቆሞ ነበር፤ እንደገና ቀጠለ።

ልጅቱ ሄደች። ከቀናት በኋላ እትዬ በሱቁ በኩል ሲያልፉ ብቅ አሉ። «ልጅህ ምን መረጠች?»

«ውሃ።»

«ኤሌክትሪክ ነው ስትል አልነበር?»

«ኤሌክትሪኩንማ እኔ ይዤዋለሁ» አለ መዳቡ፣ ሽቦውን እየወጠረ።

«ታዲያ ያን የውሃ ጣቢያ መሐንዲስ ይቅር አልከዋ!»

«እሱን?» ቀና አለ። «እሱንማ፣ ልጄ ተመርቃ በዓይኑ እስኪያያት እጠብቃለሁ። ይቅርታውን ያኔ እናየዋለን።»