አራት ትኬት ለሦስት ሰው

ወይዘሮ ዙምራ ከኮምቦልቻ ልጇ ዘንድ መጥታ ሆላንድን ያየችው በኩሽና መስኮት ነው። ልጇ ሙሂባ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ የሙሂባ ባል ሐሰን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ይውላል፤ ልጆቹ፣ ኢህሳንና ትንሹ ሀሪስ፣ ትምህርት ቤት ናቸው። አሮጊቷ ታዲያ አምስተርዳም ቢልመር፣ ከዚያ ከፎቁ ላይ፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ስባ ትቀመጥና ከታች በብስክሌት የሚያልፈውን ሁሉ፣ ነጭ ሳትል ጥቁር ሳትል፣ "አላህ በሰላም ያግባህ" እያለች ስትሸኝ ትውላለች።

የመመለሻዋ ሳምንት ሲደርስ፣ "እንግዲህ አገር ቤት ምን አየሽ ቢሉኝ መስኮት አየሁ እላለኋ!" ብላ ሳቀች። ለጨዋታ ነው ያለችው። ሙሂባን ግን እንደ እሾህ ገብቶ ቀረባት።

"ቅዳሜ ሮተርዳም ወስጄ መርከቡን አሳይሻለሁ" አለቻት። "ጓደኛዬ የትነበርሽ ቤት እናድርና እሑድ ዴን ሃግን ዞር ዞር ብለን እንመለሳለን።" ዴን ሃግ ማለት እኛ ሄግ የምንላት ከተማ ናት።

እንሂድ ማለቱ ቀላል ነው። ትኬቱ ነው ጭንቁ። እናንተዬ፣ የዚህ አገር ትኬት መግዛት በሬ ከመግዛት ይብሳል! በሬ ቢሆን ጥርሱ ይታያል፣ ሻኛው ይዳበሳል፤ ትኬት ምኑ ይዳበሳል? ሙሂባ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። የቀን ትኬት የሚሉት ርካሽ መሰለና ሲነበብ ለትራምና ለሜትሮ እንጂ ለባቡር አይሆንም። ፈጣኑ ባቡር ጭማሪ ይጠይቃል። ካርድ ይገዛ ቢባል ገና ገንዘብ ሳይሞላበት ፕላስቲኩ ራሱ ይሸጣል። በስተመጨረሻ አንድ ላይ ለሚሄዱ ሰዎች የሚሆን የቡድን ትኬት አገኘች፤ ትንሹ ሀሪስ ደግሞ በልጅ ዋጋ ነው፣ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በየከተማው እየቆመ በሚሄደው ባቡር ከሆነ ጭማሪም የለው።

"ለእናታችን ግን ካርዱን ግዢላቸው" አለ ሐሰን። "የራሳቸው ነገር በእጃቸው ይኑር።"

"ለሁለት ቀን? ፕላስቲኩን ኮምቦልቻ ወስዳ ምን ልታረገው?"

ዙምራ ከሶፋው ላይ ሆና ሰማቻቸው። "ተዉ እናንተ! ለእኔ ብላችሁ ሳንቲም እንዳታባክኑ። እኔ ከልጄ ጉያ ወዴት እሄዳለሁ?"

በዚሁ ተቆረጠ። ሐሰን ቅዳሜም ሥራ ነውና አይሄድም፤ የአራቱም ትኬት በሙሂባ ስልክ ውስጥ ገባ፤ እሷም ጥሩ ገበያ እንደቀናው ሰው ደስ ብሏት ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት ዙምራ ነጭ ሻርፗን ለበሰች። ለኢህሳን የጠበባትን ስኒከር፣ ሐምራዊ ማሰሪያ ያለውን፣ ተጫማች። "ኦማ፣ ስፖርተኛ መሰልሽ!" አለ ሀሪስ፤ እዚህ አገር አያት ኦማ ነው የምትባለው። "ዋ! ቀድሜህ እንዳልሮጥ" አለችው።

ባቡሩ መንገድ ከጀመረ በኋላ አንዲት ሴትዮ ባለ ጎማ ዘንቢል እየጎተተች ገባችና ከፊታቸው ተቀመጠች። የዙምራ እኩያ ናት፤ እሷም ሻርፕ ለብሳለች። "አሰላሙ ዐለይኩም" አለች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አሮጊቶች አልተቻሉም። የሱሪናም ሰው ናት፣ አማርኛ ከየት ታምጣ? ዙምራም ሆላንድኛ አታውቅም። ግን አንዷ በራሷ ቋንቋ ታወራለች፣ ሌላዋ በራሷ ትመልሳለች። ሴትዮዋ ከዘንቢሏ ዳቦ አውጥታ ቆርሳ ሰጠቻት፤ ዙምራ መርቃ በላች።

"ኦማ፣ እሷ እኮ ምንም አልገባትም!" አለ ሀሪስ።

"ዝም በል አንተ! ሰው በፊቱ ነው የሚግባባው።"

ኢህሳን አስተርጉሚ ስትባል ከጆሮዋ ማዳመጫውን ነቅላ፣ "ልጇ ጋ ሰንብታ መመለሷ ነው። ቤቷ ዴን ሃግ፣ ትራንስቫል የሚባል ሰፈር፣ ትልቁ ገበያ አጠገብ ነው" አለችና ማዳመጫውን መልሳ ሰካችው።

ዴን ሃግ ሊደርሱ ሲሉ ሀሪስ ሽንቴ መጣ አለ። ሙሂባ እጁን ይዛ ወደ መጸዳጃው ወሰደችው። ባቡሩ ሲቆም ሰማች፤ ገና ሮተርዳም አይደለምና ግድ አልሰጣትም። ስትመለስ የእናቷ ወንበር ባዶ ነው።

"ኦማስ?"

ኢህሳን ቀና አለች። "ያቺን ሴትዮ እየሸኘቻት ነው" አለች፣ ምንም እንዳልሆነ።

ሙሂባ በመስኮት አየች። እናቷ መሳፈሪያው ላይ ቆማለች! ዘንቢሉን ተቀብላ አውርዳላት፣ አሁን ጀርባዋን ለባቡሩ ሰጥታ ሴትዮዋን ትስማለች። በቀኝ ሳመቻት፣ በግራ ሳመቻት፣ ደግሞ በቀኝ። ወሎ ላይ እንጀራውን የበሉትን ሰው አንዴ ስሞ ላጥ ማለት ነውር ነው፤ እንግዳ እስከ በር ብቻ አይሸኝም፣ ዘንቢሉን ይዘውለት ነው የሚሸኝ። ዙምራ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርግ የኖረችውን ነው ያደረገችው። ማን ነግሯት፣ የዚህ አገር ባቡር ስንብት እስኪያልቅ እንደማይጠብቅ?

"እማዬ!" ሙሂባ ወደ በሩ ሮጠች። ፉጨት ተሰማ። በሩ አፍንጫዋ ላይ ተዘጋ። በመዳፏ ደበደበችው፣ በጡጫዋ ደበደበችው። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እናቷ አልዞረችም። የመጨረሻ ያየችው ያንን ነጭ ሻርፕ ነው፣ አሁንም ወደ ግራ ጎንበስ ሲል።

እናቷ ስልክ የላትም። አድራሻ አታውቅም። የልጇን ቁጥር በቃሏ አልያዘችም። ፓስፖርቷ ቢልመር ነው። ትኬቷስ? ትኬቷ እዚህ ሙሂባ እጅ ላይ፣ ስልኩ ውስጥ ሆኖ ወደ ሮተርዳም ይበራል።

"ማማ፣ ሩስትኽ፣ ተረጋጊ" አለች ኢህሳን፤ እሷ ራሷ ግን ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። "ስትነሳ አይቻታለሁ። ትመለሳለች ብዬ ነው እኮ..."

ቀጣዩ ጣቢያ፣ ዴልፍት ላይ፣ ወረዱ። ወደ ማዶ ተሻግረው የሚመልሳቸውን ባቡር ጠበቁ። ያን ጥበቃ አላህ ለጠላትም አይስጥ! ሙሂባ ሐዲዱን ታያለች፣ ሰሌዳውን ታያለች፣ ሐዲዱን ታያለች። ሐሰን ጋ ደወለች።

"እናቴን ጣልኳት" አለችው። "በፕላስቲክ ለወጥኳት፣ ሐሰን። ካርዱን ግዢላቸው ብለኸኝ ነበር።"

"አብሽሪ፣ ሙሂባ። አብሽሪ። የት ነው የቀሩት? ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ። አንቺ ብቻ ልጆቹን አጥብቀሽ ያዢ።"

ባቡሩ ውስጥ እንደ ገቡ ጢማም ትኬት ተቆጣጣሪ መጣ። ሙሂባ ስልኳን ዘረጋችለት። አየና ግንባሩን ቋጠረ። ትኬቱ ወደ ሮተርዳም የሚያስኬድ ነው፣ እናንተ ግን ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ነው አላት፤ ደግሞም አራት ትኬት ነው፣ ሰዎቹ ሦስት ናችሁ።

ሙሂባ ሆላንድኛ ታውቃለች፤ ሥራዋም በሱ ነው። በዚያች ሰዓት ግን አንዲት ቃል አልመጣላትም። "አራተኛዋ እናቴ ናት" አለችው በአማርኛ። "አፈር ስሆንልህ፣ አራተኛዋ እናቴ ናት!" ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ኢህሳን ናት ያስረዳችው። ሰውየው ስለ ትኬቱ ሌላ አልተናገረም። ሬዲዮውን አውጥቶ ጣቢያው ላሉት ሰዎች የአሮጊቷን መልክ ነገረ፦ ነጭ ሻርፕ፣ ሐምራዊ የጫማ ማሰሪያ።

ዴን ሃግ ሲደርሱ መሳፈሪያው ላይ ሰው ሞልቷል፣ ዙምራ የለችም። መጠለያው ውስጥ የለችም። ሊፍቱ ውስጥ የለችም። የደንብ ልብስ የለበሰች ሠራተኛ መጥታ፣ ሁለት አሮጊቶች ተቃቅፈው፣ በአንዷ ካርድ ከፍተው፣ ለጋሪ በተሠራው ሰፊ መዝጊያ ሲወጡ መታየታቸውን ነገረቻቸው። ወዴት እንደ ሄዱ ግን ያየ የለም። ለፖሊስ አስታውቃለሁ፣ እዚህ ጠብቁ አለች።

የሙሂባ ልብ ተሰቀለ። ጣቢያ ውስጥ ብትሆን አጥር አለው። ውጪ ከወጣች ግን ከተማ ነው፤ ከተማ አጥር የለውም።

"ገበያ!" አለች ድንገት። "ቤቷ ገበያው አጠገብ ነው አላለችም?"

መጠበቅ አልቻለችም። ስልክ ቁጥሯን ለሠራተኛዋ ሰጥታ፣ ልጆቹን እየጎተተች፣ በሩ ላይ ያለውን አበባ ሻጭ ገፍታው ለጥቂት ሳትጥለው ሮጣ ትራም ላይ ወጣች። ትኬት ከማሽኑ ስትገዛ ዋጋውን እንኳ አላነበበችም።

ያ ገበያ፣ ወገኖቼ፣ ጫፉ አይታይም። ዓሣው፣ ጨርቁ፣ ሚጥሚጣው፣ የሻጩ ጩኸት፤ ደግሞ ሻርፕ የለበሰ ሴት እንደ ጉንዳን። ነጭ ባየች ቁጥር እናቷ ትመስላታለች። አንዷን ትከሻዋን ይዛ አዞረቻት፣ ሌላ ሰው ናት፤ ይቅርታ ሳትል ወደ ሌላዋ ሮጠች። "እማዬ! እማዬ!" ማንም ዞር አላለም። ኢህሳን ለየሻጩ በስልኳ ያለውን የአያቷን ፎቶ ታሳያለች፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ሀሪስ ማልቀስ ጀመረ። "ኦማ አሁን የማን ናት?" አለ። ሙሂባ ባዶ የብርቱካን ሳጥን ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ቦዘ። ለእህት ወንድሞቿ ኮምቦልቻ ደውላ ምን ትላለች? ትኬት ረክሶልኝ እናታችንን አጠፋኋት?

ያኔ ኪሷ ውስጥ አዛን ተሰማ። ስልኳ ነው። የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ ደርሷል።

ሙሂባ ቀና አለች። እናቷ በሕመም ብትሆን፣ በመንገድ ብትሆን፣ ሰላት አሳልፋ አታውቅም። የልጇን ቤት ብትስት ወደ መካ መዞሪያውን፣ ቂብላን፣ አትስትም። ተነሥታ ጨርቅ ሻጩን መስጊድ የት ነው አለችው፤ በጨርቅ መለኪያ ሜትሩ ጠቆማት።

የሴቶቹ መግቢያ በጎን ነው። የጫማ መደርደሪያው ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈስሷል። ሙሂባ ጎንበስ ብላ በዓይኗ ለቀመች፤ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ነጠላ ጫማ፣ ቡትስ። ከጥጉ አንድ ባለ ጎማ ዘንቢል ቆሟል። ከዘንቢሉ ሥር፣ ጎን ለጎን በደንብ ተቀምጦ፣ ሐምራዊ ማሰሪያ ያለው ስኒከር።

ጫማውን አንስታ ደረቷ ላይ አቅፋ እዚያው ተንበረከከች። ገብታ ሰላቱን ልታቋርጥ አልደፈረችም። ሦስቱም በሩ ላይ ጠበቁ።

ዙምራ ወጣች። "ምነው ቆያችሁ?" አለች።

"ምነው ቆያችሁ?" ሙሂባ ጮኸች። "እማዬ፣ ልትገዪኝ ነው? ቁጭ ብለሽ ደኅና ሁኚ ብትያት ምን ነበረበት?"

"ዳቦዋን በልቼ? ተቀምጬ? እኔ ውሻ ነኝ?"

አነጋገሯ ደልደል ያለ ነው። ሙሂባ እጇን ስትይዘው ግን ድንጋይ ሆኖ ቀዝቅዟል። ዙምራ ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ አለች። "ዞር ስል ባቡሩ የለም" አለች በቀስታ። "መሬት የዋጣችሁ መሰለኝ። ስምሽን ጠራሁት። ሰው ሁሉ ያልፈኛል። ይቺ ሴት እጄን ባትይዘኝ ሐዲዱ ላይ ልከተላችሁ ነበር።"

የሱሪናሟ ሴትዮ ለኢህሳን ስትናገር ኢህሳን ተረጎመች። መሳፈሪያው ላይ ጠብቀው ነበር። ባቡር መጣ፣ ሌላ ባቡር መጣ፤ ዙምራ ክንዷን እያሻሸች ለሰላት ልታጠብ፣ ውዱእ ላድርግ የሚል ምልክት አሳየች፤ ሰዓቱም ተቃርቧል። ሴትዮዋ ታዲያ በሩ ላይ ላለው አበባ ሻጭ፣ የምታለቅስ ሴት ከመጣች መስጊዱን አሳያት ብላ አደራ ሰጥታ ነው የወጣችው።

"ገፍተሽው ነው ያለፍሽው፣ ማማ" አለች ኢህሳን። ሙሂባ ልቅሶና ሳቅ ተደባለቀባት።

ለሐሰን ደውላ አገኘናት አለችው፤ ለጣቢያውም አሳወቀች። ሴትዮዋ ቤቴ ካልገባችሁ ብትል ሙሂባ በስንት ልመና አስተዋቻት። እሷ ግን በአፀፋው ሳልሸኛችሁ አልቀርም አለች፤ ዘንቢሏን እየጎተተች እስከ ጣቢያው መጣች። እዚያ ሙሂባ አንድ ካርድ ገዝታ እናቷ መዳፍ ላይ አኖረችው። ዙምራ አገላብጣ አየችው፣ ዋጋውን ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና የልጇን ፊት አይታ ተወችው። ካርዱን በሻርፗ ጫፍ ቋጠረችው።

ባቡሩ መጣ፤ ገቡ። ሴትዮዋ መሳፈሪያው ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። ዙምራ ከወንበሯ ብድግ አለች።

ሙሂባ የሻርፑን ጫፍ በሁለት እጇ ጨበጠች። "እማዬ! በመስኮት!"

ዙምራ ቆም አለች፣ ልጇን አየች፣ ተቀመጠች። "እሱንስ ቢልመር ለምጄዋለሁ" አለችና መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። "አላህ በሰላም ያግባሽ፣ እህቴ።"

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሙሂባ ሮተርዳም እስኪደርሱ ድረስ ሻርፑን አልለቀቀችም።